ሰው የለቀቀው ከተማ፦ የትኛውን ልብ ወለድ ልጀምር?

የፈረሰና ሰው የለቀቀው ከተማ በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ ሞልቷል። ጎርፍ የዋጠው አለ። ወረርሽኝ ያራቆተው አለ። ማንም ሊያስረዳው ያልቻለ ነገር የመታውም አለ። የመጻሕፍት ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በጥፋቱ ዓይነት ይከፋፍሏቸዋል፤ የኑክሌር፣ የቫይረስ፣ የአየር ንብረት፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን እያሉ።

ይህ አከፋፈል ለመምረጥ ብዙም አይረዳም ባይ ነኝ። ከተማውን ምን አጠፋው የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን የሚሸከመው ሌላ ጥያቄ ነው። የቀረው ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ሊሰርቅ ይገባል? ውጣ ሲባል አልወጣም ይላል? ምንም እንዳልተፈጠረ በጠዋት ተነስቶ ሥራ ይገባል? ልጅ ወልዶ ያሳድጋል? ግጥም ይጽፋል? መጻሕፍቱ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እናንተም ስትመርጡ ከየትኛው ሰው ጋር መክረም እንደምትፈልጉ ብታስቡ ይሻላል።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ስድስት ሥራዎች ናቸው፤ አንድ አጭር ልብ ወለድና አምስት ረጃጅሞች። ያነበብኳቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የየአንዳንዱን የቋንቋ ክብደትም እነግራችኋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ 30ኛው ገጽ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በቋንቋው የተነሳ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻቸውን አልነግራችሁም።

አንድ ምሽት ብቻ ላለው

ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በጥቁሮች መብት ታጋይነቱና በፓን አፍሪካዊነቱ ነው። በ1963 ያረፈውም አክራ፣ ጋና ውስጥ ነው። በ1920 ባሳተመው «ዳርክዋተር» በተባለ ስብስብ ውስጥ ግን አንድ አጭር የሳይንስ ልብ ወለድ አለው። ርእሱ «ዘ ኮሜት» ነው፤ ጅራታሙ ኮከብ።

ጂም የኒው ዮርክ ባንክ ተላላኪ ነው። ጥቁር ነው። አንድ ቀን ባንኩ ሥር ወዳለው የታችኛው ካዝና ወርዶ የቆዩ መዝገቦች እንዲያወጣ ይታዘዛል። ለሌላ ሰው የማይሰጥ አደገኛ ሥራ ስለሆነ ነው ለእሱ የተሰጠው። እሱ ከታች ሳለ የጅራታሙ ኮከብ ጋዝ ከተማዋን ያዳርሳታል። ሲወጣ ዘበኛው ሞቷል፣ ጸሐፊው ሞቷል፣ መንገዱ ሁሉ ሬሳ ነው። ይርበዋል። አምስተኛው ጎዳና ላይ ወዳለ ዝነኛ ምግብ ቤት ይገባና ያገኘውን ይበላል። ትናንት ቢሆን እዚህ አያስተናግዱኝም ነበር ብሎ ያስባል። ዱ ቦይስ በዚህች አንዲት ሐሳብ የቆመውን ከተማና የወደቀውን ከተማ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ቀጥሎ ጂም አንዲት ሀብታም ነጭ ሴት በሕይወት ያገኛል፤ ታሪኩም ጥቁርና ነጭን የሚለየው ግንብ ከሰዎቹ ጋር ወድቋል ወይስ ቆሟል ወደሚለው ይሄዳል።

ቋንቋው የዘመኑ ነው። አልፎ አልፎ እንደ ስብከት ከፍ ይላል፤ በተለይ ወደ መጨረሻው። ግን አጭር ነው። የቅጂ መብቱም ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ጂም ምግብ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ምንም ካልተሰማችሁ፣ የቀሩት አምስቱ የእናንተ መጻሕፍት ላይሆኑ ይችላሉ።

ለእንጀራ ብሎ የሚገባ ሰው

ለብዙ አንባቢ የምመርጠው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ የአርካዲና የቦሪስ ስትሩጋትስኪ «ሮድሳይድ ፒክኒክ» ነው፤ የመንገድ ዳር ሽርሽር እንደማለት። ደራሲዎቹ የሶቪየት ኅብረት ሰዎች፣ ወንድማማቾች ናቸው። መጀመሪያ በመጽሔት የወጣው በ1972 ነው።

ታሪኩ ሃርሞንት በምትባል ምናባዊ ከተማ ውስጥ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ምድርን ነካ አድርገው ሄደዋል። ማንም አላያቸውም፤ ማንንም አላናገሩም። ያረፉበት አካባቢ ግን «ዞኑ» ሆኖ ቀረ። ሰው ይኖርበት የነበረ ሰፈር ነው። ቤቶቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ነዋሪው ግን የለም። ውስጡ ዋጋቸው የማይታመን ዕቃዎች ወድቀዋል። ሰው የሚገድሉ ነገሮችም አሉ፤ አብዛኞቹ በዓይን አይታዩም። መንግሥት አጥሮታል። በሌሊት አጥሩን ሾልከው የሚገቡ ሰዎች አሉ። ዕቃውን ሰርቀው አውጥተው ይሸጣሉ። ስታልከር ይባላሉ።

ዋናው ሰው ሬድሪክ ሹሃርት ይባላል። ጠጪ ነው፣ ተሳዳቢ ነው፣ እስር ቤት ያውቃል። ሚስቱንና ልጁን ግን ይወዳል። እንዴት እንደሚራመድ ተመልከቱት። ኪሱ ዳዶና ብሎን ሞልቷል። አንዱን ያወጣና ፊት ለፊቱ ይወረውራል። በቀጥታ ሄዶ ከወደቀ መንገዱ ደህና ነው። መሐል ላይ እንደ ተጎተተ ሆኖ ቁልቁል ከተመዘገዘገ እዚያ የስበት ወጥመድ አለ፤ የረገጠው ሰው ይጨፈለቃል። እንደገና ይወረውራል። ጥቂት ይራመዳል። አብረውት ያሉት ሰዎች ሲቸኩሉ ይቆጣል። ገጾቹ ረጅም አይደሉም፤ ግን እኔ ሳነባቸው ትንፋሼን ይዤ ነው። ሳይንሱ በንግግር አልተብራራም። ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ታየ፣ አለቀ።

ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ የሚለየው ገንዘቡ ነው። ዞኑ የብዙ ሰው መተዳደሪያ ሆኗል። ሳይንቲስቱ ደመወዝ ያገኝበታል፣ ደላላው ኮሚሽን ይበላበታል፣ ፖሊሱ ጉቦ ይቀበልበታል። ሬድሪክ ደግሞ ለቤተሰቡ እንጀራ ሲል ይገባና የሚያመጣው ነገር ተመልሶ ያንኑ ቤተሰብ ይጎዳዋል። ስለ ርእሱም ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ሳይንቲስት አንድ ግምት ይሰጣል። ፍጡራኑ ለእኛ ብለው አልመጡም ይላል። ለሽርሽር ወርደው፣ በልተው ጠጥተው፣ ቆሻሻቸውን ጥለው ሄደዋል። እኛ ተአምር የምንለው የእነሱ ጥራጊ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን የሚጻፉ ብዙ ታሪኮች ለሰው ልጅ ከልክ ያለፈ ቦታ የሚሰጡ ይመስለኛል።

መጽሐፉ በወጣ በ14 ዓመቱ፣ በሚያዝያ 1986 የቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈነዳ። ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው የነበረባት ጎረቤት ከተማ ፕሪፕያት በማግስቱ በአውቶቡስ ተጭና ወጣች። እዚያም የታጠረ ዞን ተፈጠረ። ሾልከው የሚገቡትም ስታልከር ተባሉ፤ ስሙን ያገኙት ከዚህ ታሪክ ነው።

የአንድሬ ታርኮቭስኪን «ስታልከር» የተባለ የ1979 ፊልም ያያችሁ «ታሪኩን አውቀዋለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚሄድ፣ ዝግ ያለ፣ ጸሎት የሚመስል ሥራ ነው። መጽሐፉ ፈጣን ነው። መጠጥ ቤት አለው፣ ድብድብ አለው፣ ጎረቤት አለው። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል መጽሐፉን እይዛለሁ።

ስትገዙ የተርጓሚውን ስም እዩ። በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም አለው። የ2012ቱን የኦሌና ቦርማሼንኮን ውሰዱ፤ ንግግሩ ሕይወት አለው። መጨረሻው ላይም ቦሪስ ስትሩጋትስኪ ከሶቪየት አርታኢዎች ጋር ስለነበረው የዓመታት ትግል የጻፈው አለበት፤ እሱ ራሱ መነበብ አለበት። መጽሐፉ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ነው። መካከለኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው ይወጣዋል።

ውጣ ሲሉት የማይወጣ ሰው

የጄ ጂ ባላርድ «ዘ ድራውንድ ወርልድ» በ1962 ወጣ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያነብ ሰው ይህን ከፍቶ ቀኑን ሲያይ ይደነግጣል። ምክንያቱ ግን የእኛ አይደለም። ባላርድ ዘንድ ሙቀቱን ያመጣው የፀሐይ መታወክ ነው፤ የሰው እጅ የለበትም። በረዶው ቀልጧል። የቀረው የሰው ልጅ ወደ ዋልታዎቹ ሸሽቷል። ለንደን ሐይቅ ሆናለች። ከውሃው በላይ የቀሩት የረጃጅም ሕንፃዎች ላይኛ ፎቆች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ኢጉዋና የሚባሉ ትልልቅ እንሽላሊቶች ይዘዋቸዋል።

ዶክተር ኬራንስ ባዮሎጂስት ነው። ሊያጠና ከመጣው ወታደራዊ ቡድን ጋር ነው የሚሠራው፤ የሚኖረው ግን ከጦሩ ተነጥሎ በሪትዝ ሆቴል የላይኛ ፎቅ ውስጥ ነው። የቀድሞ ባለጠጋ የተወውን ሐር ሸሚዝና መጠጥ ይጠቀማል። ሙቀቱ እየጨመረ ነውና ቡድኑ ወደ ሰሜን እንዲመለስ ይታዘዛል። ኬራንስ መሄድ አይፈልግም። ሕልም ማየት ጀምሯል። ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረውን ረግረግና ፀሐይ ነው የሚያልመው። ጫካው ብቻ አይደለም ወደ ኋላ የሚመለሰው፤ የሰውየው አእምሮም አብሮት ይመለሳል። ኬራንስ ይህን አይፈራውም፤ ይጓጓለታል።

ከስትሩጋትስኪዎቹ ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሬድሪክ ወደ ፍርስራሹ የሚገባው ቤቱ የሚጠብቁት ሰዎች ስላሉ ነው። ኬራንስ የሚጠብቀው ሰው የለም። የመጀመሪያው መጽሐፍ በድርጊት ይሄዳል፤ ሁለተኛው በምስል። ባላርድ ዘንድ ሴራው ቀጭን ነው። ኬራንስ ውሃው ውስጥ ወደ ሰመጠ ፕላኔታሪየም፣ የከዋክብት ማሳያ አዳራሽ፣ የሚጠልቅበት ክፍል አለ፤ ለዚያ ክፍል ብቻ ስል መጽሐፉን ለሰው እሰጣለሁ። ባላርድ ሻንግሃይ ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በልጅነቱ በጃፓኖች እስረኛ ካምፕ የቆየ ሰው ነው። የባለጠጎች ቤት ባዶውን ሲቀር በዓይኑ አይቷል። ባዶ ሆቴልና ደረቅ የመዋኛ ገንዳ በሥራዎቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መጽሐፉ አጋማሽ ላይ ስትራንግማን የሚባል ዘራፊ ከጥቁር መርከበኞች ጋር ይመጣል። እነዚህ ጥቁር ሰዎች የተሳሉበት መንገድ ያሳፍራል። ከበሮ የሚደልቅ፣ ጌታውን የሚከተል መንጋ ናቸው፤ እንደ ሰው የሚያስብ አንድም የለም። «የዘመኑ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ለወጣት አንባቢ ሳልነግር አልሰጥም። ብቸኛዋ ሴትም ከማማርና ከመተኛት ያለፈ ብዙ ሥራ አልተሰጣትም። ቋንቋው ደግሞ ከበድ ይላል፤ የሕክምናና የጂኦሎጂ ቃላት ይበዙበታል። መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይሁን።

ሥራውን የማይለቅ ሰው

ከዘመናችን መጻሕፍት የሊንግ ማን «ሴቨራንስ» አስቀድማለሁ። የወጣው በ2018 ነው፤ ከኮቪድ ሁለት ዓመት ቀድሞ። በዚያው ዓመት የከርከስን የልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። በተመሳሳይ ስም ከሚታወቀው የቴሌቪዥን ድራማ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ካንዲስ ቼን በልጅነቷ ከቻይና ወደ አሜሪካ የመጣች ወጣት ናት። ኒው ዮርክ ውስጥ ለአሳታሚዎች የመጽሐፍ ሕትመት በሚያስተባብር ድርጅት ትሠራለች። ድርሻዋ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በርካሽ ቻይና ውስጥ እንዲታተም ታደርጋለች። ገና ወረርሽኙ ሳይጠነክር አንድ ትዕዛዝ ይመጣል። ለልጃገረዶች የሚሸጥ፣ በከበሩ ድንጋዮች ያጌጠ መጽሐፍ ቅዱስ። ድንጋዩን የሚፈጩት የቻይና ሠራተኞች ሳንባቸው ታሟል። ደንበኛው ግን ሌላ ፋብሪካ ፈልጊ ይላታል። እሷም ትፈልጋለች። ይህ ክፍል ከአስፈሪዎቹ ሁሉ ያስፈራኛል።

በሽታው «የሼን ትኩሳት» ይባላል። የያዘው ሰው በደንብ የለመደውን ሥራ እየደጋገመ ይቀጥላል፤ እስኪሞት። አምስተኛው ጎዳና ላይ ባለ ልብስ መደብር ውስጥ ካንዲስ አንዲት ሻጭ ታያለች። ልብስ ታጥፋለች። ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። ግማሽ መንጋጋዋ የለም። እጇ ግን አልተሳሳተም።

ካንዲስ አትታመምም። ሁሉም ከተማዋን ለቆ ሲሄድ እሷ ቢሮ እየገባች ትቆያለች፤ ውል ፈርማለች፣ እስከ ውሉ ማብቂያ ከቆየች ጠቀም ያለ ገንዘብ አለ። ባቡሩ ሲቆም በእግሯ ትሄዳለች። ኢሜይል የሚልክላት ሰው ሲጠፋም ጠረጴዛዋ ላይ ትቀመጣለች። ባዶዋን ኒው ዮርክ ፎቶ እያነሳች ኢንተርኔት ላይ ትለጥፋለች። አንባቢው ቀስ እያለ አንድ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ልብስ አጣፊዋና ካንዲስ በምን ይለያያሉ?

ይህን መጽሐፍ በውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ እሰጠዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን ዱባይ ሁለት ሥራ ይዞ የሚሮጥ ሰው፣ አገር ቤት ወሬ በስልክ እየሰማ፣ «ይህን ዓመት ብቻ ልጨርስ» እያለ ዓመታት የሚያልፉበት ሰው፣ ካንዲስን ያውቃታል። ስለ እናትና አባቷ የሚናገሩት ምዕራፎች የስደተኛ ቤት ናቸው። የእናት ኩራት፣ የአባት ዝምታ፣ ልጅ ቋንቋዋን እየረሳች ማደጓ፣ ሁሉም አለ። እንግሊዝኛው ቀላልና ዘመናዊ ነው። ንግግሮቹ ግን በትእምርተ ጥቅስ አልተከበቡም፤ ማን ተናገረ የሚለውን በጥንቃቄ መከታተል ያስፈልጋል። ካንዲስ ከተረፉ ሰዎች ጋር የምትጓዝበት ሁለተኛው የታሪክ መስመር ከኒው ዮርኩ ይደክማል። ሰዎቹ በደንብ አልተሳሉም። ታገሱት።

የሚገነባ ሰው፣ ባጭሩ

ወረርሽኝን በተመለከተ የ«ሴቨራንስ» አያት ልንለው የምንችለው የጆርጅ ስቱዋርት «ኧርዝ አባይድስ» ነው፤ 1949። ስቱዋርት በርክሌይ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። ኢሽ የሚባል ወጣት ይተርፋል፣ ሚስት ያገኛል፣ ትንሽ ማኅበረሰብ ይመሠርታል። ቤተ መጻሕፍቱን ለልጆቹ ሊያቆይላቸው ይፈልጋል፤ ልጆቹ ግን ማንበብ አያሻቸውም። ቧንቧው ለዓመታት ውሃ ይሰጣል። አንድ ቀን ይቆማል። እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዘገምተኛ ነው፤ ኢሽም አንዳንዴ ያስተምራል። ግን ሰው የሌለበት ከተማ ምን ይሆናል ለሚለው የዚህን ያህል የሚዘረዝር አላየሁም። ጉንዳኑ፣ አይጡ፣ ከብቱ፣ መንገዱ በየተራ ይመጣል። መምህር ለሆናችሁ፣ ወይም ልጅ ለምታሳድጉ፣ ከባላርድ ይልቅ ይህን ውሰዱ።

ማንበብ ሳይሆን ማየት የሚፈልግ፣ ያውም በአማርኛ፣ በ2015 የወጣውን «ክረምብስ» የተባለውን ፊልም ይፈልግ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል፤ የተቀረጸውም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከጥፋት በኋላ በመጣ ዘመን ከእኛ ጊዜ የቀሩ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች እንደ ቅርስ ይሸጣሉ፤ ሱቀኛው ታሪካቸውን በቁም ነገር ይተርካል። ዋናው ትዕይንቱ ከተማ አይደለም፤ ሜዳና ጨው ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ጋር አልቆጠርኩትም። «ሮድሳይድ ፒክኒክን» ላነበበ ሰው ግን የሌላ ሰው ጥራጊ እንዴት ውድ እንደሚሆን ሌላ ማሳያ ነው።

ግጥም የሚጽፍ ሰው

የመጨረሻው ከባዱ ነው። የሳሙኤል ዲላኒ «ዳልግረን»፣ 1975፣ ወደ 800 ገጽ። ዲላኒ በ1942 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። መጽሐፉ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ጀምረው የጣሉት ሰዎችም ብዙ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው።

ቤሎና በአሜሪካ መሐል ያለች ምናባዊ ከተማ ናት። የሆነ ነገር ሆኖባታል። ምን እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። ስልክም ቴሌቪዥንም አይደርሳትም። የሚቃጠሉ ሰፈሮች አሉ፤ ዛሬ የተቃጠለው ነገ ደህና ሆኖ ይታያል። አንድ ሌሊት ሁለት ጨረቃ ይወጣል። ጋዜጣ ይታተማል፤ ቀኑ ግን አሳታሚው ደስ እንዳለው ነው፤ ዛሬ የአንድ ዘመን፣ ነገ የሌላ ዘመን። አገሪቱ ከተማዋን ረስታታለች። በ1965 ሎስ አንጀለስ ዋትስ፣ በ1967 ዲትሮይት የተነሳውን የጥቁሮች አመፅ፣ ቃጠሎውንና ከዚያ በኋላ የተተዉትን ሰፈሮች የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ምናብ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ስሙን የማያስታውስ ወጣት አንድ እግሩ ባዶ፣ በአንድ እግሩ ሰንደል ጫማ አድርጎ ይመጣል። ኪድ ይሉታል። የተጻፈበት ማስታወሻ ደብተር ያገኛል፤ በባዶዎቹ ገጾች ላይ ግጥም መጻፍ ይጀምራል። ሥራም ያገኛል። ሪቻርድስ የሚባሉ ቤተሰቦች ትልቅ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። ሕንፃው ወና ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወይዘሮዋ ግን የያዙትን ቤት ለቀው እዚያው ሕንፃ ላይ ወደ ሌላ ፎቅ መግባት ይፈልጋሉ፤ ያ ከተሳካ ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል ይመስላቸዋል። ኪድ ዕቃውን ይሸከማል። ምንጣፍ፣ ወንበር፣ አልጋ። ገንዘብ እንከፍልሃለን ይሉታል፤ ገንዘብ በማይሠራበት ከተማ። አባወራው በየጠዋቱ ለብሰው ሥራ ይሄዳሉ። የት እንደሚሄዱ ማንም አያውቅም። እራት ላይ ስለ ውጭው አይወራም። ኪድም እንግዳ ነውና አፉን ይዞ ይበላል።

«ሴቨራንስ» በአንዲት ሴት ቢሮ ውስጥ ያሳየንን ነገር ዲላኒ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ በአንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ አሳይቷል። እሱ ግን እዚያ አይቆምም። ከተማዋ ለሪቻርድሶች መቃብር ስትሆን ለሌሎች ነፃነት ናት። ውጭ ቦታ የሌላቸው ሰዎች እዚህ ይኖራሉ፤ ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ያወራሉ። ከስድስቱ ሥራዎች ውስጥ የፈረሰ ከተማን ሰው የሚኖርበት ሰፈር አድርጎ የጻፈልኝ ይህ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከሁሉ አብልጬ የምወደው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው የማልሰጠውም ይኸው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግልጽ የወሲብ ትዕይንት በብዛት አለው፤ አንዳንዱ የሚያስጨንቅ ነው። በቤተሰብ መሐል ድምፅ አውጥታችሁ የምታነቡት መጽሐፍ አይደለም። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ እንደ ተቀዳደደ ማስታወሻ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማንበብ አትታገሉ። አንዱን ዓምድ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ግር ካሰኛችሁ አትዘኑ፤ ሁሉንም ግር ያሰኛል። መለኪያ አድርጋችሁ የሪቻርድስን ቤት ያዙ። እስከዚያ ድረስ አንብቡ፣ ዕቃው ተጓጉዞ እስኪያልቅም ቆዩ። እዚያ ከያዛችሁ የቀረውን ትጨርሱታላችሁ። ካልያዛችሁ መልሳችሁ ሼልፍ ላይ አስቀምጡትና ባላርድን ክፈቱ።